ኢ የምትቀመጥበት ቦታ

ሲይዙኝ ጠዋት ነበር፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ። ምንአለሽ ተራ በዚያ ሰዓት ሰው ከሰው አይሰማማም፤ በቀኝ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ በግራ በርሜል ይሰነጠቃል። እኔ ቁጢጥ ብዬ ከአሮጌ ሞተር ላይ ኩሽኔታ እየፈለቀቅሁ ነበር። ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠግቶ የካርቶን ፎቶ አሳየኝ።

«ይሄ ዕቃ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ። ገዢ መስለውኝ ነበር። እንዲያውም ስንት ፍሬ እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። አንደኛው ሳቀ። ሌላው አልሳቀም፤ እጄን በጨርቅ እንድጠርግ ነገረኝ። የመኪናቸው ወንበር እንዳይቆሽሽ ነው።

ዛሬ ሰዎች የፖለቲካ እስረኛ ነበርክ ይሉኛል። ሲሉኝ ዝም እላለሁ። ፖለቲካ አላውቅም። የማውቀው ኩሽኔታ፣ ባልቮላ፣ ካንዴላ ነው። ከሞተ መኪና ሆድ ውስጥ ገና ያልሞተውን ዕቃ አውጥቼ በሕይወት ላለ መኪና እሸጣለሁ። ያን ሰሞን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ጭነት ሁሉ ይፈተሽ ነበር፤ እዚያ ተኩስ ነበረ። የኔ ደንበኛ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ተኩስ አለ ብሎ መኪና መበላሸቱን አይተውም።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ረድፍ ብሎኬት በጎኑ ተደርድሮ በቀዳዳዎቹ ትንሽ ብርሃን ይገባል። ወለሉ ሊሾ ነው። ጥግ ላይ ባልዲ አለ፣ በላዩ ካርቶን ተከድኖበታል። አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ሽታው የመጀመሪያ ቀን ይሸታል፣ ከዚያ አይሸትም። ብዙ ነገር እንደዚያ ነው። ከሰፈሬ አልራቅሁም፤ የኛው ተራ መዶሻ ይሰማኝ ነበር። ጆሮዬን ጥዬ የማን እጅ እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ። አልቻልኩም። ከውስጥ ሆነህ ስትሰማው ሁሉም መዶሻ አንድ ነው።

አልፈራሁም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። አንድ ነገር ውስጤ ጠፍቶ ነበር፣ እንደ መብራት። ልጄ የመውለጃዋ ሳምንት ገብቶ ነበር። እሱን እንኳ ሳስበው የሌላ ሰው ልጅ የማስብ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። መርማሪው በልጄ ዕድሜ ነው። አንተ አለኝ። እኔ እርስዎ አልኩት። ጠረጴዛው ላይ ከካርቶኔ የተቀደደ ቁራጭ ተቀምጧል። ጽሑፉን አየሁት፤ በጥቁር ማርከር፣ በትልልቅ ፊደል።

«ምን ይላል ይሄ?»

«ስፔር ፓርት።»

«ምንድነው ስፔር?»

«መለዋወጫ ነዋ።»

ስልኩን አነሣና መዝገበ ቃላት ከፈተ። ቃሉን ከቁራጩ ላይ ፊደል በፊደል እያየ ጻፈው። ከዚያ ስልኩን ወደኔ አዞረ።

«ስፒር። ጦር ማለት ነው። የሚወረወር፣ የሚወጋ ጦር። ሰባት ካርቶን የጦር ዕቃ ወደዚያ ጭነሃል።»

«ኩሽኔታ ነው ጌታዬ። ከፍታችሁ አይታችሁታል።»

«አይተነዋል። ብረት ነው።»

«ኩሽኔታ ብረት ነው።»

«ጦርስ ከምንድነው የሚሠራው?»

ይህን ሲል አልሳቀም። ቀልዶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሲኒማ ራስ አጠገብ ያለ አንድ ትልቅ የመለዋወጫ ሱቅ ሰሌዳው ላይ ልክ እንደዚህ ጽፏል፣ ሄዳችሁ እዩ አልኩት።

«ሰሌዳ አላሰርንም» አለ። «ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

ዓይኔን ከካርቶኑ ቁራጭ ላይ አላነሣሁም።

«እስከ ነገ አስብበት።»

እውነቱን ልናገር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የገለበጥኩትም ከዚያ ሰሌዳ ላይ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከሥራ መልስ ቀበሌ አዳራሽ እየሄድኩ፣ የልጅ ልጅ ካዩ ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ነው የተማርኩት። ከዚያ በፊት የሚፈርምልኝ አውራ ጣቴ ነበር። አንዴ ባላነበብኩት ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን አስቀምጬ ያጣሁትን እዚህ አልጽፍም። የተማርኩት ለዚያ ነው፤ እውቀት አምሮኝ አይደለም። አማርኛውን ስጨርስ የእንግሊዝኛው ፊደል ሃያ ስድስት ብቻ ነው አሉኝ። ከሁለት መቶ ምናምን በኋላ ሃያ ስድስት ምን አላት ብዬ ጀመርኩ። አታለሉኝ።

በእንግሊዝኛ ለምን ጻፍክ የሚል ሰው መርካቶን አያውቅም። ካርቶን ላይ መለዋወጫ ብለህ ብትጽፍ ገዢው ምንአለሽ ተራ ይሸተዋል። ያንኑ ብረት በእንግሊዝኛ ጻፍበት፣ ከዱባይ የመጣ ይሆናል። ደግሞ ልደብቅ አልፈልግም፣ ስጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ሰባቱንም ካርቶን በየአራት ጎናቸው ጽፌባቸዋለሁ። አንድ ጎን ይበቃ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ጃንጥላ ተክለው፣ መጻፍ ለማይችል ሰው የሚጽፉ። አርባ ዓመት ሠርተውበታል። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው፤ ሙሉ ስማቸውን የሰማሁት በማግስቱ ጠዋት ዘቡ ስም ሲጠራ ነው። መነጽራቸውን በር ላይ ተቀብለዋቸው ሰውን የሚያዩት አገጫቸውን ቀና አድርገው ነበር። ስመለስ ምን እንደተባልኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ስፔር ፓርት።»

«አነባበቡን ተወው። ፊደሉን ቁጠርልኝ።»

«ኤስ፣ ፒ፣ ኢ፣ ኤ፣ አር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዝነው ይሁን ስቀው አላወቅሁም።

«ወንድሜ፣ ኢን የት አስቀመጥካት?»

«መሃል።»

«ቦታዋ መጨረሻ ነው።» ጣታቸውን በውሃ አርሰው ሊሾው ላይ ጻፉልኝ። ኤስ፣ ፒ፣ ኤ፣ አር፣ ኢ። «ይሄ መለዋወጫ ነው። ያንተ ጦር ነው።»

«መጨረሻ ላይ ከሆነችማ ስፔሬ ነው የሚለው።»

«አትነበብም።»

«ተጽፋ?»

«ተጽፋ አትነበብም። ዝም ብላ ትቀመጣለች። እሷ ዝም ስትል የፊተኞቹ ይስተካከላሉ።»

«በኛ ፊደል የተጻፈ ይነበባል» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር። ከተያዝኩ ጀምሮ የተናደድኩት ያኔ ብቻ ነው።

«የኛም ቢሆን መች ሁሉን ይጽፋል? ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው በምን ትለየዋለህ? ሰውየው አለ ብዬ ብጽፍልህ መኖሩን ነው መናገሩን?»

ጥግ ላይ ተጋድሞ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቀና አለ። «ጋሼ፣ እኛ እዚህ ያለነው ባልነው አይደል እንዴ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። ውሃው ሊሾው ላይ ደረቀና ቃሉ ጠፋ።

«እርስዎስ በምን ገቡ?» አልኳቸው።

«በፊደል።»

አንዲት ሴትዮ ልጇ ታስሮባት፣ ለአንድ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት አቤቱታ በእንግሊዝኛ አስጽፋቸው ነበር። «ፕሮሲኪዩት ማለት መክሰስ ነው፣ ዳኛ ፊት አቅርቦ። ፐርሲኪዩት ማለት ማሳደድ ነው፣ ማንገላታት። መነሻቸው ላይ ባሉት ፊደሎች ብቻ ነው የሚለያዩት። ኮሌጅ የበጠሰውም ይስታቸዋል። ልጇ ተከሷል ልል ተሳዷል ብዬ ጻፍኩ።»

«ለዚህ አሰሩዎት?»

«ስም ማጥፋት ነው አሉኝ። ስህተት ነው ብለህ ፈርምና ውጣ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ፈርሜያለሁ።» ይህን ሲነግሩኝ የሚያዩት ወለሉን ነበር። «ያንተ ደግሞ ከኔ ይቀላል። ፊደል አላውቅም በላቸው።»

«አውቃለሁ እኮ።»

«ማወቅህን ማን ጠየቀህ? አርባ ዓመት አይቼዋለሁ። አውራ ጣት ያረፈበት ወረቀት ላይ ዳኛም ይራራል፣ ፖሊስም ይራራል። እኔ አልጻፍኩም፣ መንገድ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው የጻፈልኝ፣ ሰውየውን አላውቀውም፣ በቃ። ልጅህ ልትወልድ ነው አላልከኝም? ሂድና ልጅህን እይ።»

እሺ አልኳቸው። ምክሩ ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነው እላለሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መርማሪው ያው ወንበር ላይ ነበር።

«አሰብክበት?»

«ማንበብና መጻፍ አልችልም» አልኩ። ስናገረው ምንም አልተሰማኝም። አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ እውነት የነበረ ነገር ነው፤ ውሸት ውሸት አይልም።

«እና ማን ጻፈልህ?»

«መንገድ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። አላውቀውም።»

መርማሪው ደስ አለው። እንደዚያ ደስ ይለዋል ብዬ አልጠበቅሁም።

«ሽማግሌ ነው?»

«አላስታውስም።»

«ሽማግሌ ነው» አለ ለራሱ። ከመሳቢያው አንድ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አወጣ። ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ መሃል ላይ ብቻ ባዶ ቦታ ተትቶለታል። እዚያ ላይ በብዕር የሆነ ነገር ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ገፋና የቀለም ሳጥኑን ከፈተ።

«አውራ ጣትህን።»

አውራ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ጫንኩ። ወረቀቱን ላለማየት ፈልጌ ነበር። ከሕፃንነቱ የተማረ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ማንበብ ከቻልክ በኋላ አለማንበብ አይቻልም። ዓይንህ አያስፈቅድህም። እኔ ደግሞ ዘግይቶ እንደተማረ ሰው ሁሉ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

ማንበብና መጻፍ የማልችል በመሆኔ፣ ይላል ወረቀቱ፣ በካርቶኖቹ ላይ የጦር ዕቃ መሆኑን የሚገልጸውን ጽሑፍ የጻፈልኝና ወዴት እንደምልክም ያዘዘኝ። ቀጥሎ ስም ነው፣ በብዕር የተጻፈው። የሰውየው ስም፣ የአባቱ ስም። ትናንት ሊሾ ላይ በውሃ ፊደል ያሳዩኝ የሽማግሌው ስም ነበር።

«ከንፈርህን ምን ያንቀሳቅሰዋል?» አለ መርማሪው። «ትጸልያለህ?»

አዎ ብል ያልቅ ነበር። መውጫ ሰጥቶኝ ነበር፣ ሳያውቀው። ያን ቀን ቤቴ ምሳ እበላ ነበር። ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ቀዝቃዛ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል።

«አነባለሁ» አልኩ። ጠበቅ አድርጌ ነው ያልኩት። ላልቶ ቢሆን ለቅሶ ነበር።

ብዕሩን አስቀመጠ። «አልችልም አላልክም?»

«ዋሽቼ ነው። ይሄ ስም ልክ አይደለም።»

«ታውቀዋለህ ሰውየውን?»

«አብረውኝ የታሰሩ ናቸው። ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ወረቀት ይስጡኝና እጽፈዋለሁ።»

የተቆጣ አይመስልም ነበር። የደከመው ይመስል ነበር። ከዚያ በፊት አልመታኝም፣ ከዚያ በኋላም አልመታኝም፤ ያልሆነውን ሆነ አልልም።

«አንተ ከጻፍከው የምትጠየቀው አንተ ነህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ዛሬ ትወጣ ነበር።»

«ገባኝ አልኩ።»

ሁለት ነጭ ወረቀትና ብዕር ሰጠኝ። ስንት ሰዓት እንደፈጀብኝ አላውቅም። እሱ ወጣ፣ ምሳውን በልቶ መጣ፣ ስልኩን ነካካ፣ እኔ እጽፋለሁ። የአውራ ጣቴ ቀለም አልደረቀም ነበርና የወረቀቱን ዳር ሁሉ አቆሸሸው። ብዕር ሳይሆን ጉጠት የያዝኩ ነው የሚመስለው፤ ብዕሩን በጣም ነው የጨበጥኩት። የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነው። ጦር አልላክሁም። የላክሁት ኩሽኔታና ባልቮላ ነው፤ የሚያውቅ ሰው አስመጥታችሁ አሳዩት። ጽሑፉን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ፊደል ተሳስቻለሁ። የጻፍኩት ይህን ነው፣ መጻፍ የነበረብኝ ደግሞ ይህን ነው ብዬ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን በእንግሊዝኛ ጻፍኳቸው። ሁለተኛው ላይ ኢን መጨረሻ አደረግኋት። ሌላ ሰው የለበትም ብዬ ጨረስኩ። ስሜን ጻፍኩ። ፈረምኩ።

መርማሪው አነበበው። ቶሎ ነው ያነበበው፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ጽሕፈትህ የልጅ ነው» አለኝ።

«አዎ። ስድስት ዓመቱ ነው።»

መጀመሪያ የሞላውን ወረቀት እፊቴ አልቀደደውም። አጠፈና ኪሱ ከተተው። ይህ ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ።

ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ፈረምክ?»

«ፈረምኩ።»

«በጣት?»

አውራ ጣቴ ጥቁር ነበር። እጄን ያዙና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ የብዕር ቀለም ያለበትን ሌላውን ጣቴን አዩት። የገባቸው ይመስለኛል፣ ግማሹ። ስለ ስማቸው አልነገርኳቸውም። ምን ልል ነው? የሰጡኝ ምክር እርስዎን ሊበላ ነበር ልበል?

ቆይተው እሳቸው ተናገሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሹፌሩ እንዳይሰማ።

«የኔ ስህተት አልነበረም።»

«የቱ?»

«ፐርሲኪዩት ያልኩት። ሴትዮዋ ልጇን ያደረጉትን ሁሉ ነገረችኝ። ሰምቼ፣ አስቤ ነው የጻፍኩት። ተከሷል አልነበረም። ዳኛ አላየም ልጁ። በአርባ ዓመት ውስጥ እንደዚያ አስተካክዬ የጻፍኩት ቃል የለኝም። ትናንት ስህተት ነው ብዬ ፈረምኩበት።»

ማጽናናት አልችልበትም። ለቅሶ ቤት እንኳ ስሄድ ወንበር ሳነሣና ሳስቀምጥ ነው የምውለው።

«ኢን መጨረሻ አደረግኋት» አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉኝ።

በነጋታው ጠዋት ስማቸው ተጠራ። የጫማቸውን ማሰሪያ ስለወሰዱባቸው ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ። ስማቸው የተጠራው ለመውጣት ይሁን በዚያ በታጠፈው ወረቀት ምክንያት ለሌላ ነገር፣ እስከ ማታ አላወቅሁም። ማታ ላይ አንድ ዘብ ሽማግሌው መነጽራቸውን ተቀብለው ሄዱ አለን። መነጽር ከሰጧቸው ወጥተዋል ማለት ነው። ያን ሌሊት ተኛሁ።

እኔ ቆየሁ። ልጄ መውለዷን የሰማሁት ከቤት ምሳ ሲያመጡልኝ ከዘቡ አፍ ነው። «ወንድ ነው አሉህ» አለኝና በሩን ዘጋው። ሹፌሩ አቀፈኝ። ደስታው እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። ከወጣሁ በኋላም ልጁን አቅፌ ያንኑ ስጠብቅ ነበር። ስወጣ ክስ የለም፣ ይቅርታ የለም፣ ካርቶኖቹም የሉም። ግባ እንዳሉኝ ውጣ አሉኝ።

ሽማግሌውን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። እውነቱን ለመናገር አልፈለግኋቸውም። ብንገናኝ ስለዚያ ስም መናገር ይኖርብኛል። ካርቶን ላይም በእንግሊዝኛ አልጽፍም። አገሬን ስለምወድ፣ ቋንቋዬን ስለማከብር ምናምን ብዬ አላሳምረውም። ፈርቼ ነው።

ያ የጻፍኩት ወረቀት የሆነ ቢሮ፣ የሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ሁለት ገጽ ነው፣ ዳሩ የቆሸሸ። ይህን እስክጽፍ ድረስ በሕይወቴ የጻፍኩት ረጅሙ ነገር እሱ ነበር። ተመልሶ ያነበበው ሰው ያለ አይመስለኝም። እዚያ ላይ ግን ስሜን እስከ አያቴ ጽፌዋለሁ። እዚህ ላይ አልጻፍኩም።